«ደህና» ተብሎ ስለተሞላው ሳጥን

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ እንደምን ሰነበቱ? ደህና ነዎት? እኔ በመኪና ምርመራ ጣቢያ ፍሬን የምፈትሽ ሠራተኛ ስሆን፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎት የሒሳብ መምህርት ስለሆነችው ታናሽ እህቴ ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ራሷን ጎድታ ወደ ድንገተኛ ክፍልዎ አመጣናት፤ ሕይወቷንም አተረፋችሁልን። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና የእውነት ነው፤ የቀሩትን ምስጋናዎች እንደ ፈቃድዎ ይተርጉሟቸው።

አንደኛ፦ ከመውጣቷ በፊት ሐሳቧን የሚመረምር ባለሙያ ስለመደባችሁልን አመሰግናለሁ። በእጁ የያዘው ቅጽ «ራስዎን የማጥፋት ሐሳብ አለዎት?» ይላል። ባለሙያው ግን ጨዋ ሰው ነውና እንዲህ ያለውን ቃል ከአፉ ማውጣት ከበደው፤ መጋረጃው እንደተገለጠ፣ እናታችን በግርጌ በኩል እንደተቀመጠች፣ እህቴን «ደህና ነሽ አይደል?» አላት። እህቴም ማናችንም መንገድ ላይ ለሰላምታ እንደምንመልሰው «ደህና» አለች። በቅጹ ላይ «ሐሳብ የላትም፤ ስጋት ዝቅተኛ» ተብሎ ሰፈረ። እኔ ሾፌሩን «ፍሬንህ ደህና ነው አይደል?» ብዬ ጠይቄ ብቻ ብፈርምለት በማግስቱ ከሥራ እባረራለሁ፤ እናንተ ዘንድ በሰው ቃል ላይ ይህን ያህል እምነት መኖሩ አስቀንቶኛል።

ሁለተኛ፦ ቤት ስንገባ ከእጇ ምን እንደምናርቅ፣ ማን አብሯት መዋል እንዳለበት፣ ቢብስባት የት እንደምንደውል የነገረን የለም። በብዙ ምክር ልታደክሙን ስላልፈለጋችሁ እናመሰግናለን። በምትኩ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ የሚውል ቀጠሮ እጅግ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ተሰጠን።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ከሰኞ ጀምሮ እህቴ ድንገት ተረጋጋች። የተማሪዎቿን ፈተና አርማ ጨረሰች፤ አበቦቿን ከነማሰሮዎቻቸው ለጎረቤት ሰጠች፤ እናታችንም «ልጄ ተሻላት» እያለች ለዘመድ ሁሉ ደወለች። እኔ ግን ሲያፏጭ የኖረ ፍሬን ማንም ሳይነካው ዝም ሲል ደስ አይለኝም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ያ ባለሙያ ያፈረበትን ቃል ሳላድበሰብስ «መሞት ታስቢያለሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። እሷም «አዎ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለችና አለቀሰች። ሐሳቡን ጥያቄዬ አላመጣባትም፤ ሐሳቡ እዚያው ነበር። ፈራሁ፤ ይህን ስጽፍም እፈራለሁ።

አራተኛ፦ ዛሬ ጠዋት እሷኑ ይዤ ወደ ካርድ ክፍላችሁ መስኮት ሮጥኩ። ሠራተኛዋ ፋይሉን ገልጣ፣ እህቴ እየሰማች፣ «ዝቅተኛ ነው እኮ የሚለው፤ ቀጠሮዋን ጠብቁ» አለችን። እህቴና ፋይሏ ስላልተስማሙ ፋይሉ ታመነ። ወደ ቤት እንደተመለስን በቀጥታ ክፍሏ ገባች።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ይዣት እመጣለሁ። የምለምነው ብዙ አይደለም፤ መጋረጃውን ዘግቶ፣ እናታችንን በትሕትና ወደ ውጭ ሸኝቶ፣ ጥያቄውን በስሙ ጠርቶ የሚጠይቃትና መልሷን እስኪሰማ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይመደብልን።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣
ከእህቱ ክፍል በር ላይ ወንበር ስቦ የተቀመጠው፣
ፍሬን ፈታሹ ወንድም

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ስጀምር ደህና መሆንዎን ጠይቄ ነበር፤ መልስዎን መጠበቅ ስላላስፈለገኝ «ደህና» ብዬ ሞልቼልዎታለሁ። ነገ በሁለት ሰዓት ሳንመጣ ብንቀር ግን፣ «ቀጠሮ አላከበሩም» የሚለውን ሳጥን ለመሙላት አይቸኩሉ።