ድምፁ የተዘጋው ምርቃት

ለውድ ወንድሜ ለይበልጣል፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ያ በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ ወገብህስ ተሻለው ወይ? እኛ ዘንድ ሲዘንብ እናንተ ዘንድ ብርድ ነው ብለኸኝ ነበርና ደህና ብርድ ልብስ አለህ ወይ? ባለቤትህ ወለላ እንዴት ናት? ልጃችሁስ ጥርስ አብቅላ ጨረሰች ወይ? ሱቁስ ሰላም ነው? ሌባና ወሬኛ ከደጃችሁ ይራቅ። እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ጭላሎ በጭጋግ ተሸፍኖ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ገብሱ ግን አምሮበታል።

በስልክ አትነግሪኝም ወይ እንደምትለኝ አውቃለሁ። በስልክ ስነግርህ «ቆይ ደንበኛ መጣ» ትላለህ፤ ደንበኛው ሲሄድ የእኔ ነገር ይጠፋብኛል። ድምፅ ቀድተሽ ላኪ ትላለህ፤ ጣቴ ከቁልፉ ላይ ሲነሳ ይቆረጣል። ደግሞም አንተ ወተት ጥርስህ ሳይወልቅ የተማርከውን ፊደል እኔ ጥርሴ መርገፍ ሲጀምር ነው የቆጠርኩት፣ ከሌሎች ባልቴቶች ጋር በልጆች ወንበር ላይ ተጣብቤ። አሁን ካልጻፍኩበት ለመቼ ሊሆነኝ ነው?

የምጽፍልህ ደጋግመህ ስለጠየቅኸኝ ነገር ነው። «እማማ በናዝሬት መልስ ዕለት ስለ እኔ ምን አለች? ተቀይማኝ ነው የሞተችው?» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ደብቄህ አይደለም። አልሰማሁም። ልጄ ናዝሬት በጥር ተድራ ለመልሱ ስትመጣ እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ድስት ስር ነበርኩ። ናዝሬት ስልኳን አውጥታ «አያቴ፣ ጋሼ ይበልጣልን መርቂው፣ ያይሻል» ስትላት እኔ ወጡ እንዳያርብኝ አማስል ነበር። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ቃል ሲሰጥ እኔ ጓዳ ነኝ።

ናዝሬት ቪዲዮውን በኢንተርኔት ገጿ ላይ ለጠፈችው። ስልኬ ሞላ ብላም ከስልኳ ላይ አጠፋችው። «እማዬ፣ እዚያ አለ እኮ፣ ባንክ ማስቀመጥ ማለት ነው» አለችኝ። አንተ ስትከፍተው የሆነውን ታውቃለህ። እማማ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ከኋላዋ ሰው ይጨፍራል፣ ድምፅ ግን የለም። በቪዲዮው ውስጥ ያለው ሙዚቃ ባለቤት ስላለው ድምፁ ተዘግቷል ይላል ጽሑፉ። ደግመን እናስቀዳታለን ስንል እማማ በመጋቢት ዐረፈች።

አጠገቧ የነበሩትን ጠየቅኳቸው። አጎታችን ጋሽ ወልደአማኑኤል «አገርህ ያግባህ ነው ያለችው» አሉኝ። ጎረቤታችን አስያ «ኧረ እዚያው ሥር ስደድ ነው ያለችው፣ በገዛ ጆሮዬ!» አለች። በእማማ ቃል ሁለቱ በእኔ ቤት ተኳረፉ። አጎታችን ጆሯቸው እንደደከመ ታውቃለህ፤ አስያ ደግሞ ያልተባለውን አብዝታ ነው የምትሰማው። ማንን ልመን?

ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ የሠርግ ቪዲዮ ወደምታቀናብረው ወደ ነቢላ ሄድኩ። የሐጂ ቱሳ ልጅ ናት፣ ምላሷ መቀስ። ናዝሬት ከኋላዬ ስታፍር እኔ ገብቼ «የእናቴን ድምፅ የዘጋው ማን ነው? አምጡልኝ» አልኳት። ሳቀችና «እትዬ አልጣሽ፣ የዘጋው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። የፈለገውም እናትዎን ሳይሆን ከኋላቸው በድምፅ ማጉያ የሚጮኸውን ዘፈን ነው» አለችኝ። ይሄኔ ንዴቴ በረድ ብሎ ማወቅ አማረኝ። ያን ሁሉ እልልታና የልጅ ለቅሶ አልፎ ዘፈኑን እንዴት ለየው? ባለቤቶቹ ያስመዘገቡት ዘፈን አስቀድሞ በማሽኑ ዘንድ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ሰው የሚለጥፈውን እየሰማ ከዚያ ጋር ያስተያያል አለችኝ። እኛ በጎቻችን ከሰው በግ ጋር እንዳይምታቱ ጆሯቸው ላይ ምልክት እንደምናደርገው መሆኑ ነው። የትም መንጋ ውስጥ ቢገባ ምልክቱ ያጋልጠዋል።

«ዘፈኑ እኮ የእኔም ነው፤ ካሴቱን ድሮ በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ፣ እስከዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለ» አልኳት። «ወተቱን ገዙ እንጂ ላሟን አልገዙም» አለችኝ። ቤቴ ብሰማው ማንም አይነካኝም፤ ዓለም በሚያየው ገጽ ላይ ስለጥፈው ግን ማሰራጨት ይባላል፣ የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ትንሽ ቁራጭ እኮ ናት ብላት፣ አጭር ከሆነ አይጠየቅም የሚባለው የሰው ወሬ ነው አለች። ናዝሬት ደፈር ብላ «የዘፋኙን ስም ከስሩ ብንጽፍስ?» ስትል ነቢላ ዞር ብላ «የበጉን ባለቤት ስም እየጠራሽ በጉን ብታርጂው ሌብነቱ ይቀራል?» አለቻት። ይህችን አባባል ወደድኳት።

ከዚያ ወዲያ ነቢላን ሥራ አስፈታኋት። አንድ ዘፈን ስንት ባለቤት አለው? ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን ያወጣው፣ የዘፈነው፣ ያስቀረጸው፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው አለችኝ፤ ልክ እንደ ቅርጫ። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ የአጨዳ ዘፈንስ? እሱ የሕዝብ ነው፤ ግን አንዱ ዘፋኝ በራሱ ድምፅ ሲያስቀርጸው ያ ቅጂ የእሱ ይሆናል። ደራሲው ሲሞትስ? በአገራችን ሕግ ከሞተም በኋላ ለሃምሳ ዓመት መብቱ የወራሾቹ ነው። ይህን ስሰማ የዘፈን ድካም ሃምሳ ዓመት ሲታሰብ እናትን የማስታመም ድካም እስከ ተዝካሩ እንኳ አይታወስም ብዬ ከነፍሴ ጋር አወራሁ። ይቅር። «እኔ ባንጎራጉረውስ ያውቀዋል?» ስላት «አንዳንዴ ያውቃል፣ እስቲ ይሞክሩት» አለችኝ። አንጎራጎርኩላት። «ወላሂ እትዬ፣ እንኳን ማሽኑ ዘፋኙ ራሱ ቢነሳ አያውቀውም!» አለች። እማማን ከቀበርን ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ነቢላ በናዝሬት ገጽ ገብታ ዘፈኑን ከቪዲዮው ላይ ለመንቀል ሞከረች። ዘፈኑና የእማማ ድምፅ እንደ ጤፍና እንክርዳድ ተቀላቅለዋልና አንዱ ሲወጣ ሌላውም ይወጣል። በምትኩ የሚፈቀድ ሙዚቃ አስገቢ የሚል ቁልፍ ነበር፤ ስትነካው እማማ አፏን ስትከፍት የፈረንጅ ጊታር ወጣ። «አጥፊው!» ብዬ ጮህኩ፤ ውጭ ያለው ሊስትሮ ሳይቀር ደነገጠ።

መቃወሚያ መሙላት እንችላለን ወይ ስላት፣ ያለ ፈቃድ መጠቀማችን እውነት ስለሆነ በሐሰት ብንከራከር የናዝሬት ገጽ ሊቀጣ ይችላል አለችኝ። የሚሻለው ባለመብቷ ራሷ ለቅቄያለሁ ብትል ነው። ዘፈኑን ግጥምና ዜማውን ጨምሮ የሠራው አብዲሳ የሚባል የሮቤ ሰው ነበር፣ ሞቷል። ያስቀረጸውም በራሱ ገንዘብ ስለሆነ አሁን ባለመብቷ ሚስቱ ሙቢና ናት፤ ጉዳዩን አዲስ አበባ ያለ ወኪል ይከታተልላታል። ነቢላ ለወኪሉ እንጻፍ አለች። እኔ ደግሞ የተበደለ ሰው የሚለመነው በሽማግሌ ነው ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። ጋሽ ወልደአማኑኤልንና ሐጂ ቱሳን ይዤ፣ ናዝሬትንም አስከትዬ በሚኒባስ ሮቤ ወረድን። ጭቃው አይወራም።

ሙቢና ደህና አድርጋ ተቀበለችን፤ አልቀመጥ ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አጎታችን ከዘራቸውን ተደግፈው «ከቤትዎ የምንፈልገው አለና መጥተናል፤ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ። ሴትዮዋ ክው አለች። «ልጄ ባል አላት፣ ወልዳለችም! ማነው ልኮ የሚያሾፍብኝ?» አለች። ሐጂ ቱሳ በኦሮምኛ ሊያስረዱ ገቡና የመጣነው ለልጅቷ ሳይሆን ለዘፈኑ ነው ቢሏት ጭራሽ ግራ ገባት። ዘፈን ልትድሩ ነው ወይ አለች። ናዝሬት ሳቋን ለማፈን በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ታከተኝና «እህቴ፣ እናቴ ሞታለች። የመጨረሻ ቃሏ በባልሽ ዘፈን ስር ተቀብሯል። ልለምንሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ይሄኔ «ተቀመጡ» አለች።

አሳዩኝ አለች። ናዝሬት ስልኳን ሰጠቻት። ሙቢና ግን እማማን አይደለም ያየችው፣ ከኋላ የሚጨፍሩትን ነው። «ይሄ ሁሉ ሰው የሚጨፍረው በአብዲሳ ዘፈን ነው?» አለች። አዎ አልናት። «በየሠርጉ ይጨፈርበታል፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲታመም ከእነዚህ አንድ ሰው አልጠየቀውም። ማሽኑ ባይዘጋው ኖሮ እናንተስ ደጄን ትረግጡ ነበር?» አለችኝ። እኔ «አልረግጥም ነበር» አልኳት። ይበልጣል፣ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እንደኔ የመረራት ሴት ስትናገር መስማት እንዲህ እንደሚያሳርፍ አላውቅም ነበር። እሷም እውነቱን ስለነገርኳት መሰለኝ ፊቷ ፈታ አለ። «ለዚህች ለአንዷ ፈቅጃለሁ። የአብዲሳ ስም ከስሯ ይጻፍ። ሌላ ጊዜ ስትፈልጉ ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁኝ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በስልክ!» ብላ ሳቀች። ወኪሉንም እዚያው ደውላ አዘዘችው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሐምሌ ሙሉ ዘነበ። አንድ ጠዋት ናዝሬት ባዶ እግሯን ከደጅ እየሮጠች መጥታ «ተከፈተ!» አለችኝ። አብረን ሰማነው። ነቢላ ሳትውል ሳታድር በፍላሽ ገለበጠችልን፤ እናንተ ዘንድ ለሚመጣው ለወንድሟ ለሰኢድ ፍላሹንም ይህንንም ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። ግን ፍላሽ ይጠፋል፣ ገጹንም ነገ ሌላ ነገር ይዘጋዋል። ቀለም የሚዘጋ ማሽን ገና ስላልተሠራ የእማማን ቃል እንዳለ እዚህ ላይ አስፍሬዋለሁ፦

«ይበልጣል ልጄ፣ አልመጣህም ብዬ አልቀየምኩህም። መንገዱ ነው የከለከለህ። የረገጥከው ድንጋይ ይለስልስልህ። በርህን ስትከፍት ደግ ሰው ይግባልህ፣ ክፉው ሳያይህ ይለፍ። አገርህ ያግባህ፤ ካልሆነም እዚያው ባለህበት ሥር ስደድ። ልጅህ በሳቅ አፏን ትፍታ። እኔ ስሞት አልቀበርኳትም ብለህ እንዳታለቅስ፤ አልጣሽ አለችልኝ።»

አየህ፣ አጎታችንም አስያም አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው የወደዱትን ግማሽ ይዘው ነው የሄዱት። አንተም ከእንግዲህ ተቀይማኝ ነው ወይ እያልክ አትጠይቀኝ፤ ከራሷ አፍ ሰምተሃል።

ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ናዝሬት «አያቴ፣ እማዬንስ አትመርቂያትም?» ትላታለች። እማማ ትስቅና «እሷንማ ምን ብዬ? ሰው የገዛ እጁን ይመርቃል እንዴ? ይሠራበታል እንጂ!» ትላለች። ከዚያ ዘፈኑ ይጎላል፤ ከድንኳኑ ጀርባም የአንዲት ሴት ድምፅ «ኧረ እንጨት አምጡልኝ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ነኝ።

ደጋግሜ ሰማሁት። ነቢላ ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለም ትላለች። አስያ ስድብ ነው ትላለች። እኔ አንድ ቀን ደስ ይለኛል፣ አንድ ቀን ያንገበግበኛል፣ ገና አልለየልኝም። አንተ በሙሉ አፍ የተመረቅኸው ፍረድና ንገረኝ። በስልክ ግን አይደለም፤ ጽፈህ።

አንድ አደራ አለኝ። ቪዲዮውን እዚያ ላሉ ጓደኞችህ አሳያቸው፣ ግን ቆርጠህ በራስህ ገጽ ላይ እንዳትለጥፈው። ሙቢና የፈቀደችው ለአንዷ ብቻ ነው። ዘፈኑን ስትፈልግ እሷን ጠይቅ። የእማማን ድምፅ ስትፈልግ ደግሞ እኔን ጠይቅ። ነቢላን ይህ ሕግ አለው ወይ ብያት አላወቀችም፤ እኔ ግን አውጥቼዋለሁ።

ወለላን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ በላከችልኝ ሹራብ ክረምቱን እየተወጣሁት ነው በላት። ልጅህን ዐይኗን ሳምልኝ፣ የአክስቷንም ስም አስጠናት። ከዚህ ናዝሬት ከነባሏ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ አስያ፣ ነቢላና ሐጂ ቱሳ እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሃል። አጎታችን ድምፁን ከፍ አድርገህ ደውልልኝ ብለዋል። እግዜር ዐይን ለዐይን ያገናኘን፤ እስከዚያው በቀለም እንተያይ።

ይህን የጻፈችልህ የእማማ እጅ፣

እህትህ አልጣሽ

አሰላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.