የመንትዮቹ ልጆቼ ላንቃ

ባሕር ተሻግረው ወደ ደሴታችን ወደ ካዳቩ ለመጡት ክቡር የቀዶ ሕክምና ቡድን መሪ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እነዚያን እጆችዎን አምላክ ይጠብቅልን። ስሜ ኡናይሲ ነው፤ ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱት የቫሲቲና የቶሪካ እናት ነኝ። መንትዮች በማግኘትዎ የተደሰቱትን ደስታ አልረሳሁም፤ እናት እንኳ በመንታ እንዲያ አትደሰትም።

አንደኛ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። የቫሲቲን ላንቃ የኋላውን ሥጋ እያዘዋወረ በሚያስረዝመው ስልት፣ የቶሪካን ደግሞ ከግራና ከቀኝ ስቦ መሐል ላይ በሚገጥመው ስልት እንደሚሰፉና እንደሚያነጻጽሯቸው ነግረውኛል። «የትኛው ይሻላል?» ብዬ ብጠይቅዎ «እሱን ለማወቅ አይደል የመጣነው፣ እናት!» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬዎ ሳቅሁ።

ሁለተኛ፣ መርከባችሁ እንደሄደ የቶሪካ ስፌት ተከፈተ፤ የኮኮናት ወተት ስትጠጣ በአፍንጫዋ ይወጣል። «እንመለሳለን» ያሉትን ቃል አክብሬ፣ መርከብ በታየ ቁጥር ፀጉሯን አበጥሬ ወደብ ላይ አቆማታለሁ። ስለ ባሕር ዳርቻ ሽርሽራችን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤት የገቡ ዕለት መምህሩ ቶሪካን ስሟን ቢጠይቃት፣ «ቶሪካ» ልትል «ኖኒንጋ» አለች። ልጆቹ «ኖኒንጋ! ኖኒንጋ! አፍንጫሽ ነው እንዴ የሚያወራው?» እያሉ ተንጫጩባት። ቫሲቲ ብድግ ብላ «ቶሪካ ናት! የተቀደደውስ የእናንተ ጆሮ ነው!» ብላ ጮኸችባቸው። አንደበቷ ጥርት ያለ ነውና ሁሉም ሰማት፤ ቶሪካም ሰማች። ከዚያ ወዲህ ቶሪካ ትንፍሽ አላለችም። ውኃ እንኳ ሲጠማት በእጇ ነው የምታሳየኝ።

የሚቀጥለው አቤቱታ አይደለም፤ ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ነው። በቀደም ካሳቫ እየላጥሁ ሳለ ከቤቱ ጀርባ ሁለቱ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ቶሪካ ተናገረች ብዬ እየሮጥሁ ብሄድ፣ ሁለቱም በአፍንጫቸው ነበር የሚናገሩት። ቫሲቲን ለብቻዋ ጠርቼ «ምነው ልጄ፣ አንቺ ደኅና አልነበርሽም ወይ?» አልኳት።

«እንዲህ ሳወራ ትመልስልኛለች» አለችኝ፣ ያንኑ በአፍንጫዋ።

ልቆጣት አስቤ፣ ወደ ካሳቫዬ ተመለስሁ።

ለታላቁ ዕውቀትዎ ሁለት ትንንሽ አፎች ያበረከተች፣ እጅ ነሥታ የምትሰናበትዎ፣
ኡናይሲ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ነርሳችን እንዳነበበችልኝ ጥናትዎ ታትሞ «በሁለቱ ስልቶች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ይላል። እንኳን ደስ ያለዎት። የቀረችውን ልዩነት ቫሲቲ አጥፍታልዎታለችና፣ ከረዳቶችዎ ስም ተርታ ስሟን ቢጨምሩላት።