ኢሎፍሊዋ ምራት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ይድረስ ለምወድሽ ምራቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ ከጉልበቴ በስተቀር። ሚጢጢሽ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ መስኮት የተከፈተ ይመስላል። ልጄማ ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ጀምሯል፤ የእጅጌውን ቃጠሎ ግን አትጠይቂኝ።

የምጽፍልሽ ለሌላ ነው። እኔና አባባ የሚጢጢ ትምህርት ቤት ተጠርተን ነበር። አስተማሪዋ ልጆቹን «የእናት የአባታችሁ ወገን ማን ነው?» ብትል፣ ያቺ ጉድ ብድግ ብላ «በአባቴ የዚሁ፣ በእናቴ ኢሎፍሊ!» አትላት መሰለሽ?

አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ ባሌ ናቸውና አላማቸውም እንጂ፣ የመጽሐፍ ነገር ከተነሳ አይቻሉም። ወንበር ስበው ማስረዳት ጀመሩ።

«ፍልስጥኤማውያን ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ግሪክ የመለሱት ተርጓሚዎች መጀመሪያ ስማቸውን እንዳለ ጻፉት። ኋላ ስሙን ትተው አሎፊሊ አሏቸው፤ ባዕድ ወገን እንደማለት። የእኛ የጥንት አባቶች ደግሞ በግዕዙ ኢሎፍሊ ብለው ወሰዱት።»

«ስም እያላቸው?» አለች አስተማሪዋ።

«እያላቸው።»

«የልጅቷን እናትስ እርስዎ ማን ብለው ነው የሚጠሯት?»

አባባ የሳቡትን ወንበር ወደ ኋላ ገፉ። በስተርጅና ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። ገበታ ላይ «ለኢሎፍሊዋ ጨው አቀብሏት» ሲሉ ሁላችን እንስቅ አልነበር? አንቺም ትስቂ ነበር። እኔ እንኳ «ኧረ ይተዉ» እላቸው ነበር፤ በልቤ። ሌላ ከተማ ስትሄጂም «ለሥራ ነው» እያልን ለጎረቤት አወራን።

ትምህርት ሲዘጋ ሚጢጢን ልትወስጂ ስትመጪ «ከበሩ ላይ ተቀብያት እመለሳለሁ፤ ቤታቸው አልገባም» ብለሻል አሉ። አልፈርድብሽም። ግን ልጄ፣ ግቢ። አባባ በስምሽ ሊጠሩሽ መታጠቢያ ቤት ዘግተው ይለማመዳሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የውሃ ቧንቧ ይከፍታሉ ደግሞ፣ እንዳልሰማቸው!

ባትገቢም፣ የልጅቷን አይን አታርቂብን።

የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ።

የምትናፍቅሽ አማትሽ

የረሳሁት፦ ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የተንጋደደው የሚጢጢ እጅ ስለሆነ ነው። ሙሉ ስምሽን ልጽፍ ብዕር አንስቼ ቀረሁ። የአባትሽን ስም አባባን ብጠይቃቸው እሳቸው መልሰው እኔን አዩኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ኖረን! ባልሽን መጠየቅ አፈርኩ። ሚጢጢ ፊደል በፊደል እየጠራች ስትጽፈው፣ እኔና አባባ ግራና ቀኝ ቆመን ሰማናት።