ግድግዳ ላይ የወጣው የክርስትና ስም

ሰኞ፣ ሰኔ 8
አሥራ አንድ ስም ከባንክ ተመለሰ። «ከመታወቂያ ጋር አይመሳሰልም።» ጥፋቱ የኔ ነው።

የኮሮና ድጎማ የሚያገኙትን ገበሬዎች የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ከተመረቅሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ። ቤት ለቤት መዞር ስለተከለከለ ባል የሞተባቸውን ሴቶች ስም ከንስሐ አባታቸው ከቄስ አድማሱ ወሰድኩ። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ኪዳን፣ ወለተ ሥላሴ... እሳቸው በጸሎት የሚያነሷቸው በዚህ ነዋ! እኔ ደግሞ እንዲህ የሚባል ሰው ሞልቷል ብዬ አለፍኩ። የአራዳ ልጅ፣ ያውም የቄስ የልጅ ልጅ!

አለቃዬ «እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽ ይሰረዛሉ» አለኝ።
«ዓርብ እኮ ሚካኤል ነው።»
«ታዲያ እሱ ያስተካክልልሽ።»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9
ቢሯችን ካለበት ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ሴቶቹ መንደር ሁለት ሰዓት በእግር። ጭቃ። ጫማዬ ተገነጠለ። ቄስ አድማሱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከአጥር አጥር አዞሩኝ። እስከ ማታ የአሥሩን መታወቂያ ገለበጥኩ። አሥር! እየዘለልኩ ልመለስ ነበር።

የቀሩት እማማ ጥሩዬ ናቸው። በር አልከፈቱም።
«አንቺ ነሽ ስሜን ቀበሌው ግድግዳ ላይ የለጠፍሽው? እኔና ቄሴ ብቻ የምናውቀውን! ለመተተኛ በትሪ አቀረብሽኝ እኮ!»
ቄሱንም አልማሯቸው። «እርስዎስ ምነው አፍዎን ቢከድኑ?»
ቄሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጠበቁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10
ተመልሼ ሄድኩ። መኪና ስለቀረ ድንቻቸው ሳይሸጥ በስብሷል። ለዘር የሚሆን የለም። ያላቸው ቡሬ የሚሉት አንድ ዝንጉርጉር በሬ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ነው የሚያሳርሱት። የከብት ገበያ ስለተዘጋ ነጋዴው በየደጁ እየዞረ በርካሽ ይገዛል፤ እሳቸውም ዘንድ ሁለቴ መጥቷል።

«እማማ፣ ድጎማው ለዘር ይሆንዎታል፤ በሬውን አይሽጡ» አልኩ በአጥር ላይ።
«በየትኛው ስሜ ነው የሚሰጡኝ? በሰቀልሽው?»

ቀበሌ ሄጄ ዝርዝሩን ከግድግዳው ገነጠልኩ። ዘበኛው «የመንግሥት ወረቀት ነው!» እያለ ተከተለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያኔውኑ ልመልስላቸው ነበር፤ ጨለመብኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11
ዝናብ። መብራት የለም። የአሥሩን በእጄ ጽፌ ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ ነጋዴው አንድ ዝንጉርጉር በሬ እየነዳ በቢሯችን ፊት አለፈ። ዝንጉርጉር በሬ ስንት አለ፣ አልኩ ለራሴ።

ዓርብ፣ ሚካኤል
ቅዳሴ ሲያልቅ እማማ ጥሩዬ ከሰው ተለይተው ከዋርካው ሥር ቆመው ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋቸው።
«የቱ ነው የኔ?»
አሳየኋቸው። በጣታቸው ነካ አድርገው አጥፈው ጉያቸው ከተቱት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው መታወቂያቸውን አወጡ።
«ቡሬስ?» አልኩ።
«ትናንት ሄደ። ዘሩ ቢመጣስ በምን ላሳርስ?»

ቁጥሩን ገለበጥኩ።

«ያንቺስ የክርስትና ስም ማነው?» አሉኝ።
ከናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው።
«ሸጋ ስም ነው። እንግዲህ ተያዝን።»

ቢሮው ሳይዘጋ ደረስኩ። አሥራ አንዱም ገቡ። ገንዘቡ መቼ እንደሚወጣ አለቃዬም አያውቅም፤ የዘር ጊዜው ሊያልፍ ነው። የጎረቤትየው በሬም ብቻውን ቀረ።

ስሜን እዚህ እንኳ አልጽፈውም።