ምንዋጋው የበላው ወጥ

ሰቆጣ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.

ልጄን በቤትዎ ላበሉት እናት፤

ጃፓን አገር ያሉ እመቤቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንደምን ነው? ደረጃ ሲወጡ እንደሚያምዎ ልጄ ምንዋጋው ጽፎልኝ ነበርና አስቀድሜ የምጠይቀው እርሱን ነው። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ።

መርዶው የደረሰኝ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። የደመራው አመድ ገና አልተነሣም ነበር። ማለዳ ላሜን ሳልብ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአጥሩ በር ሲገቡ አየሁ። ማንም አፉን ሳይከፍት ወተቱን መሬት አስቀምጬ ተነሣሁ። ኮሪያ ላይ ወድቋል አሉኝ።

የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አባቴ ደብተራ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ የተዉልኝን ጥቁር ቀለም በውኃ እያቀጠንሁ እጽፋለሁ። የልጄ የጦር ጓደኛ ጓንጉል እግሩን ቆስሎ በጥቅምት ተመልሷል። ይህን በእርስዎ ቋንቋ የሚገለብጥ ሰው አዲስ አበባ ፈልጌ እልከዋለሁ ብሎኛል።

ምንዋጋው በሰኔ ከኮሪያ ለዕረፍት ወደ አገርዎ ተልኮ ከቤትዎ ስለበላው ወጥ ጽፎልኝ ነበር። በዝናብ ከሰል ተሸክመው ሲሄዱ አግኝቶ እንደተቀበለዎት፣ እርስዎም ጫማውን አስወልቀው እንዳስገቡት። ሥጋውን በትልልቁ ቆርጠው፣ አስቀድመው ቀቅለው ውኃውን እንደደፉ፤ ከዚያ ዝንጅብል፣ ስኳር፣ ከሩዝ የተጠመቀ መጠጥ፣ ከባቄላ የሚወጣ ጥቁር ጨዋማ ውኃ ጨምረው በለዘብተኛ እሳት ከረፋድ እስከ አመሻሽ እንዳቆዩት። ወጥ ሳይማሰል ይበስላል ወይ ብሎ ተገርሟል። ቀዩና ነጩ ሦስት ጊዜ የተደራረበ ሥጋ ነው፣ ቢላ ሳይነካው በሁለት ቀጭን እንጨት ይቆረሳል አለኝ።

ለአርባው ተዝካር ይህን ወጥ ልሥራለት ብዬ ተነሣሁ። እኅቴ እናትነሽ፣ አንቺ ሴትዮ ሐዘን አዞረሽ፣ ካህናቱ ማርና ሥጋ ባንድ ድስት ቢያዩ ምን ይሉሻል አለችኝ። አልሰማኋትም። ላቱ የከበደ በግ አሳረድሁ። በስኳሩ ፈንታ ነጭ ማር፣ በሩዙ መጠጥ ፈንታ ጠጅ፣ በጥቁሩ ውኃ ፈንታ ከባቄላ የተሠራ የስልጆ ውኃ ከጨው ጋር አደረግሁ። በርበሬ አላስጠጋሁም። እናትነሽ ለሕፃን ነው ወይ የምትሠሪው እያለች ትቀልድብኛለች፤ እንጨቱን እያወጣች እሳቱን የምታበርደው ግን እርሷ ነበረች።

የነፍስ አባታችን መምህር ወልደ ጻድቅ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንዲህ ያለ ወጥ ማቅረብ ካህን መፈተን ነው ብለው ሰውን አሳቁ። ጓንጉል ግን አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ እማማ፣ እኔም ጃፓን ቀምሼዋለሁ፤ ሁሉም ልክ ነው፣ የጎደለው አሳማው ብቻ ነው አለኝ። የወታደር ጨዋታ መስሎት ነው። ፊቴን ሲያይ የሚገባበት አጣ።

እመቤቴ፣ እርስዎ ላያውቁ ይችላሉ። በእኛ ዘንድ አሳማ አይበላም። የበላ ሰው ለነፍስ አባቱ ተናግሮ ንስሐ ይገባል። ልጄ ያን ጊዜ ማግኘቱን አላውቅም። ከአርባው በኋላ መምህር ወልደ ጻድቅ አስጠርተው፣ ልጅሽ ሳይናገረው የቀረ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ በሰማንያው ፍትሐት ላስብለት፣ ደብዳቤውንም አምጪውና ልየው አሉኝ። ምንም የለም አልሁ። ደብዳቤው ጠፍቶብኛል አልሁ። ሰማንያው ታኅሣሥ ፲ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ መምህሩን ላለማግኘት በምዕራቡ በር እገባለሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነበር። የምን ሥጋ እንደሆነ ካልነገሩት፣ ሳያውቅ በላ ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ለሰማንያው እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም ይጻፉልኝ።

ደግሞ ሌላውን አስባለሁ። በቤትዎ ጥግ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ በጦርነት የሞተ ልጅዎ ፎቶግራፍ አለ ብሎኛል። ወጡን አስቀድመው በትንሽ ጣባ በልጅዎ ፊት አኖሩ፤ እርሱ ይወደው የነበረ ነው። ከዚያ ለእኔ ልጅ ሰጡት፣ እስኪጨርስም ተቀምጠው አዩት። በእኛ አገር የሙት ዝክር አይገፋም። ጠግቤያለሁ እንኳ አይባልም፤ ከሐዘንተኛ እጅ የመጣውን ተቀብሎ ይቀመሳል። ይህን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ለቅሶ ቤት እንቢ ባለ ጊዜ ቆንጥጬዋለሁ።

ትናንት ደብዳቤውን መልሼ ዘረጋሁት። ልጄ የጻፈው በሰማያዊ ቀለም ነው። ከወጡ ነገር ቀጥሎ ያለው አንድ መስመር ግን በአባቴ ጥቁር ቀለም ተሰርዟል፤ ሁለት ጊዜ፣ ጠበቅ ተደርጎ። ከእንግዲህ አይነበብም።

ስለዚህ ያን መስመር አይጻፉልኝ። ስለ ልጅዎ ይጻፉልኝ፤ ስሙን፣ ስንት ዓመቱ እንደነበረ፣ ስቡን ነው ወይስ ቀዩን ይወድ የነበረው።

ጓንጉል የመምህሩ የእኅታቸው ልጅ ነው፣ ያረፈውም እርሳቸው ቤት ነው። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ለጓንጉል ያድርሱልኝ ብዬ ይህን ወረቀት በመምህሩ እጅ አኖራለሁ። አላሽገውም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ከደጅዎ እንግዳ አያሳጣዎ።

ይህን በመንገድ የምታነቡ፣ የምትገለብጡም፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነቡት የነፍስ አባቴም፤ የምንዋጋው የክርስትና ስሙ ገብረ አምላክ ነው። ገብረ አምላክ ብላችሁ ጸልዩለት። ስሙን ገና ለማላውቀው ለእመቤቴም ልጅ።

የምንዋጋው እናት