ልጄ ጠጉሬን እንድትፈራ ስላስተማሩልኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የቡሬ የጣሊያን ምሽግና የትምህርት ቤቱ የበላይ ሹም፣
ሚያዝያ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከምሽግዎ ሳይወጡ መክረምዎ ወገብዎን እንዳላሳመመዎት ተስፋ አለኝ። እኔ ከፈጣም ወንዝ ማዶ በዱር ያለሁት ደርበው እጅጉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኀፍረቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ ያስለጠፍኩት ለእንደርስዎ ያለ ባለውለታ ምስጋና በጓዳ አይነገርም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ከወዳጅዎ ከጀርመን አገር ያስመጡትን የልጆች መቅጫ ግጥም በአስተርጓሚዎ አማርኛ አስገጥመው ለሰባት ዓመቷ ልጄ ለጥሩዬ ስላስተማሩልኝ እጅ እነሣለሁ። ጣቱን የጠባ ልጅ ጣቱ በመቀስ ይቆረጣል፣ ሾርባ እምቢ ያለውም ከስቶ ይሞታል አሉ። እኛ ልጅ ሲያስቸግር ጅብ መጣ ብለን እናስፈራራና መልሰን እናቅፈው ነበር፤ ማቀፉ ለካ ኋላ ቀርነት ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ልጄ ከሁሉ አብልጣ የወደደችው የጎፈሬያሙን ልጅ ግጥም ነው፦

ጠጉሩን ያልተላጨ፣ ጥፍሩን ያልቆረጠ፣
እንኳን ሰው ሊቀርበው ውሻም አመለጠ።

እኔ ደግሞ አገሬ ነጻ ሳትወጣ ጠጉሬን ላልነካ የማልኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሸጋዬ ልብስ ልታጥብ ልጅቱን ይዛ ፈጣም ስትወርድ፣ ከዓመት በላይ ያላየኋትን ልጄን ልስም ከቁጥቋጦው ብወጣ፣ ጥሩዬ ጮኸች። እናቷ አባትሽ ነው ብትላት፣ አባቴ እንዲህ አይቆሽሽም ብላ ከቀሚሷ ሥር ተሸሸገችና ግጥሙን አንዲት ቃል ሳታስት በቃሏ ወጣችው። የመምህሮችዎን ትጋት እመሰክራለሁ። የዘረጋሁትን እጅ የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ጥይት ያላባረረኝ ሰው በልጄ ፊት አፍሬ ወደ ዱር ሮጥኩ።

ሦስተኛ፣ በአውሮፕላን ያላስደረጉኝን በግጥም አስደረጉኝ፤ ተላጨሁ። በሚቀጥለው የእጥበት ቀን ልጄ ጉልበቴን ሳመች፣ አቅፋኝም ዋለች። ግጥሙን እንደገና አለችልኝና እኔም አጨበጨብኩላት። ይህን ስጽፍ ፊቴን መሸፈን ያምረኛል።

በእኛ ዘንድ ግን አርበኛ የሚላጨው ወይ ሰው ሞቶበት ነው፣ ወይ ለእናንተ እጅ ሊሰጥ ነው። አለቃችን ባዬ ማን ሞተብህ ቢለኝ፣ ሁሉም ደህና ናቸው አልኩ። ልጄ ፈራችኝ ማለት ግን አፈርኩ። እሱም ጠመንጃዬን ተቀብሎ አጋሰስ ጠባቂ አደረገኝ። ያን ጊዜ ከአፌ ያልወጣውን ቃል ይኸው ዛሬ ገበያተኛው ሁሉ ያንብበው፤ ባዬም ይስማው።

ሸጋዬና ልጄ ከእኔ ዘንድ ስለ ገቡ፣ በመፈለግ እንዳይደክሙ አደራ። ጠጉርህ የልጅቱ ዓይን እያየ ቀስ ብሎ ቢያድግ አትፈራህም ያለችኝ ሸጋዬ ናት፤ ልጅቱም በየጠዋቱ ትዳብሰዋለች።

ውለታዎን ለመመለስ ከደጅዎ ለመድረስ የሚመኝ፣
ትሑት አመስጋኝዎ ደርበው እጅጉ

ማስታወሻ፦ ጥሩዬ ክብሪት ጭራ ዐመድ የሆነችውን ልጅ ግጥምም ታውቃለች። በሽንዲ መንገድ ያለውን የአጎቷን ቤት እርስዎ ቆመው በክብሪት ሲያስለኩሱ አይታ ነበርና፣ ሹሙ የሚቃጠሉት መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በቅርቡ ብያታለሁ፤ በልጄ ፊት ደግሜ እንዳላፍር ይተባበሩኝ።