ለመስፍን ዋስ ከመሆኔ በፊት

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

መስፍን ዕቁባችን ሊገባ ነው፤ ዋስ ሁኚኝ ብሎኛል። ኖርፎክ ገጠር ሱቅ ነበረው፣ ሲዘጋ ነው ወደ ለንደን የመጣው። ባለፈው እሁድ ታላቅ ወንድሙ ጌታቸው፣ የዕቁባችን ዳኛ፣ ጠጋ ብሎ «ሳትፈርሚ ቼክ አድርጊው፤ ዕዳው መክፈል አቅቶት ባንክራፕት የሆነ ሰው ስሙ ኦንላይን ይወጣል» አለኝ። ሰው የገዛ ወንድሙን እንዲህ ያማል? ደስ አላለኝም።

ዛሬ ኤድመንተን ላይብረሪ ገብቼ የባንክራፕቶቹን መዝገብ ኦንላይን ፈለግኩ። ለካ በነጻ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲለኝ የአባታቸውን ስም ጻፍኩና የመስፍንን ስም ሳልሞላ ተጫንኩት። አንድ ሰው ብቻ ወጣ። ጌታቸው! የኖርፎኩ ሱቅም እዚያው ተጽፏል፤ ለካ በእሱ ስም ኖሯል። አድራሻው ደግሞ ሃክኒ፣ በየወሩ ዕቁብ የምንጥልበት ቤት።

ከላይብረሪ ሳልወጣ ጌታቸው ደወለልኝ።

«እህ፣ አየሽው?»

«አይቻለሁ፤ መስፍን የለበትም።»

«ሌላ ያየሽው ስም አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። የራሱን ስም እንዳገኝ ፈልጎ ይሆን የላከኝ? ወይስ የወንድሙን ስም ብቻ እንደምፈልግ ተማምኖ?

ነገ ዕጣ የሚወጣው እሱ ቤት ነው። እኛ ሁላችንም ዋስ ጠርተን ነው የገባነው። የዳኛውን ዋስ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።